አንዲት ሪፍ ልቅዳ ብዬ

አንዲት ሪፍ፣ አጭር ተደጋጋሚ የጊታር ዜማ፣ ልቀዳ ነበር የተቀመጥኩት። አንዲት! ይኸው ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ኖታ አልቀዳሁም።

መጀመሪያ ጊታሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ኢንተርፌስ ስመርጥ ሁሉም ስለ 192 ኪሎኸርዝ ሰበከኝ፤ ድምፁ በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ለጊታር 48 ይበቃል እኮ! የሚያስፈልገኝን ግን ማንም ጮክ ብሎ አልነገረኝም። የጊታር ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ተቃውሞው (ኢምፔዳንሱ) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ የኢንስትሩመንት መግቢያ ይፈልጋል። እኔ ለጠንካራ ሲግናል የተሠራው ላይን መግቢያ ላይ ሰክቼ፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲወጣ ክሩን ስረግም ከረምኩ። አዲስ ክር ሁሉ ገዛሁ። ለካ አንዲት ማብሪያ መጫን ነበረብኝ።

ከዚያ መዘግየቱ። ክሩን እመታለሁ፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። በፈሩን፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያጠራቅምበትን ቋት፣ ከ1024 ናሙና ወደ 128 ሳወርደው በ48 ኪሎኸርዝ ከ21 ሚሊሰከንድ ወደ 3 ገደማ ይወርዳል፤ ያውም የአንድ አቅጣጫው ብቻ ነው። እሰይ ስል ኮምፒውተሩ ፋታ አጥቶ ጠቅ ጠቅ፣ ቋ ቋ ማለት ይጀምራል።

የአምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ማስመሰያ ሶፍትዌሩማ አይወራ። ስንቱን አምፕ ደርድሮልኝ፣ እኔ የካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ማስመሰያውን ሳላበራ ቀርቼ ቆርቆሮ ውስጥ እንደታሰረ ንብ ሲጮህ አመሸ።

አሁን ደግሞ ሲንግል ኮይሉ፣ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦው ፒካፕ፣ እም ይላል። ከስክሪኑ ዞር ስል ይቀንሳል። እሺ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ልጫወት። የመቅጃውን ቁልፍ ማን ይጫንልኝ?