ክርክር፦ የጥርስ ሽቦ የአፍላ ወጣቶችን ኑሮ ያሻሽላል?

ጥያቄው፦ ጥርሱ ለተወላገደ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሽቦ ማሰር ኑሮውን ያሻሽልለታል?

ደጋፊ፦ ያሻሽልለታል። ገጣጣ እየተባለ የሚሰደብ ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ማንበብ ይፈራል። በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀው መጠይቅ የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ባለፉት 3 ወራት ምን ያህል ጊዜ አመመህ፣ ማኘክ አቃተህ፣ አፈርክ፣ ተሾፈብህ ይላል። ሽቦው ከተፈታ በኋላ በተለይ የስሜትና የማኅበራዊ ኑሮ መልሶች ይሻሻላሉ። ነገሩ መልክ ብቻም አይደለም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ቀድመው ሲወጡ ከንፈር በቅጡ አይሸፍናቸውም፤ ልጁ ኳስ ሲጫወት በፊቱ ቢወድቅ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ተቃዋሚ፦ ለእንዲህ ያለው ልጅ ይታሰርለት፤ እንግሊዝ አገር ሕክምናው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚለካው ባለ 5 ደረጃ መለኪያም ከፍተኛዎቹ 4ኛ ወይም 5ኛ ላይ ያስቀምጠዋል። የምቃወመው «በራስ መተማመን ይሰጠዋል» ብሎ ወላጅን ማሳመንን ነው። በዌልስ፣ ካርዲፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከተመረመሩት 1,018 ልጆች 337ቱ ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ታይተዋል። የታከሙት ጥርሳቸው ተስተካክሎ፣ በጥርሳቸውም ረክተው ተገኙ፤ በሥነ ልቦና ጤናቸው ላይ ግን ሕክምናው ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እኛ ዘንድ ደግሞ ፍንጭት ውበት ነው። ልጅቷ የምትወደውን ፍንጭት ዘግተን ምን አሻሻልንላት? ፍሎራይድ በበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውኃ ጥርሱ የበለዘ ልጅስ? የሚያሳፍረው ቀለሙ ከሆነ ሽቦ አይለውጠውም፤ ፍሎራይድ ክፉኛ በጎዳው ጥርስ ላይ ደግሞ ብራኬቱ (ጥርስ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ራሱ በደንብ አይጣበቅም።

ደጋፊ፦ ስለ ፍንጭቱ እውነትዎን ነው፤ አስቀድሞ «ጥርስህ ላይ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ልጁ እንጂ እናቱ አይደለችም። ካርዲፍ ግን የለካው የ30 ዓመት ሰዎችን ነው። እኔ የምከራከረው ስለ 14 ዓመቱ ልጅ ነው፤ የእነዚያ ዓመታት ሰላም ለብቻው ዋጋ አለው።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው እነዚያኑ ዓመታት እንቁጠራቸው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይወስዳል። ሽቦው በታሰረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕመም ይጀምራል፣ በማግስቱ ይበረታል፣ የሚለቀው በሳምንት ገደማ ነው። የሽቦው ጫፍ ጉንጭ ይወጋል። ቆሎ፣ ፈንዲሻና አገዳ ይቀራሉ፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ብራኬት ይነቅላል፣ የተነቀለ ብራኬት ደግሞ ሕክምናውን ያራዝማል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ቀን ነው፦ ብራኬቱ ሲነሳ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ብራኬቱ ተጣብቆበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ግን ኖራ የመሰለ ነጭ ክብ ቀርቷል። በተጠራቀመው ምግብና ቆሻሻ የተፈጠረ አሲድ የጥርሱን ማዕድን አሟሙቶታል። ይህ በ4 ሳምንት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ደጋፊ፦ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ግን መከላከል ይቻላል። ድዱ የሚደማ ልጅ ሽቦ አይታሰርለት፤ መጀመሪያ መቦረሽ ይማር፣ ድዱ ይዳን። ከታሰረለት በኋላ ብሩሹን አጋድሞ ከሽቦው በላይ፣ ከዚያ ከሽቦው በታች ይቦርሽ፤ በሽቦው ሥር ቀጭኗን የጥርስ መሐል ብሩሽ ያሳልፍ። የጥርስ ሳሙናው 1,450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,450 እጅ) ፍሎራይድ ይኑረው፤ ከተፋ በኋላ አፉን በውኃ አይጉመጥመጥ። የሚወጋውን የሽቦ ጫፍ አድርቆ ለጥርስ ሽቦ በተዘጋጀ ሰም ይሸፍነው። የላይና የታች ጥርሶችን የሚስብ ላስቲክ ከታዘዘለትም ለምግብና ለመቦረሽ ብቻ ያውልቀው፤ ሌሊት ሌሊት ብቻ ካደረገው ጥርሱ እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ተቃዋሚ፦ ከተፈታስ በኋላ? ወላጆች ሳይነገራቸው የሚቀረው ይሄኛው ነው። ድዱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ከአዲሱ ቦታ ጋር ለመላመድ እስከ ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ነበረበት ይስቡታል። ሪቴይነር (የተስተካከለውን ጥርስ ባለበት የሚይዝ መያዣ) ካልተደረገ ጥርሱ ይመለሳል፣ የ2 ዓመቱ ልፋትም አብሮ ይሄዳል።

ደጋፊ፦ ስለዚህ የሪቴይነሩ ዋጋ መጀመሪያ ከሚነገረው ሒሳብ ጋር ይደመር፤ ልጁም ሽቦው ሳይታሰር «ሲፈታ በየሌሊቱ ይህንን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። እምቢ ካለና ጥርሱ ለስብራት የተጋለጠ ካልሆነ፣ አንድ ዓመት ቢጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ነገር የለም።