መጠኑ ብቻ አይደለም፣ ገጹም አለ

ስለ ሲሊከን ናኖ ቅንጣቶች የወጣው ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን እንዲህ ያለ እጅግ ደቃቅ የሲሊከን ቅንጣት የሚያበራበትን ቀለም መጠኑ ብቻ እንደሚወስነው ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። ተመራማሪው ሌይ ካንሃም በ1990 እ.ኤ.አ. ቀዳዳ የበዛበት ሲሊከን በቀይ እንደሚያበራ ካሳየ ወዲህ ገጹ፣ ማለትም የቅንጣቱ ውጫዊ ንጣፍ፣ ዋነኛ መከራከሪያ ሆኖ ቆይቷል። በትንሽ ቅንጣት ውስጥ ከአቶሞቹ ትልቅ ድርሻ ያለው ገጹ ላይ ነው። እዚያ አንዱ አቶም የሚያያዘው ጎረቤት ካጣ፣ ሲገናኙ ብርሃን የሚሰጡት ኤሌክትሮኑና ሆሉ (ኤሌክትሮን የለቀቀው ባዶ ቦታ) በዚያች ክፍት ቦንድ በኩል ተገናኝተው ጉልበታቸው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንዲት ጉድለት ቅንጣቱን በሙሉ ልታጨልመው ትችላለች። ሃይድሮጅን ይሸፍናታል። ኦክስጅን ግን ነገረኛ ነው፤ ክፍቱን ይዘጋል፣ ከ3 ናኖሜትር ባነሱት ላይ ደግሞ ኤሌክትሮኑን የሚይዝ የራሱን ወጥመድ ሠርቶ ቀለሙን ወደ ቀይ ይጎትታል። ታዲያ ናሙናው ከተሠራበት አሲድ ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደቆየ ሳይነገረን፣ ጽሑፉ ባቀረበው ግራፍ ላይ ያለው ቀለም የመጠን ይሁን የኦክስጅን በምን እንለየው?