ፑኔ ላይ ያየሁት የጋኔሽ በዓል

አንድ ጸሐፊ ሂንዱዎች የዝሆን ራስ ላለው አምላካቸው ለጋኔሽ የሚያከብሩትን በዓል «ጩኸትና የተዘጋ መንገድ» ብለው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ስማር ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ። የጋኔሽ ምስል ወደ ውሃ በሚሸኝበት በመጨረሻው ቀን ዶል የሚሉትን ትልቅ ከበሮ ወገባቸው ላይ አስረው የሚመቱት ወጣቶች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ጣታቸውን በፕላስተር ጠቅልለው ነው። የአንዷን ፕላስተር ደም አርሶት አየሁ፤ አላቆመችም! ድምፁ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚመታው። ዳር ቆሜ ሳይ አንዲት እናት መዳፌን ከፍተው ሞዳክ የሚሉትን ጣፋጭ አስቀመጡልኝ፤ ኮኮናት የተሞላ፣ ገና ትኩስ። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ያለኝ የለም።

ደግሞስ የሕንድ የነጻነት ታጋዩ ቲላክ እ.ኤ.አ. በ1893 በዓሉን ከየቤቱ ወደ አደባባይ እንዲወጣ የቀሰቀሰው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረውን ሕዝብ ለማሰባሰብ ነበር። ይህ እንዴት ይዘለላል? ምስሉ ውሃ ሲገባ «በሚቀጥለው ዓመት ቶሎ ና» እያሉ የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች አይቻለሁ።