መልእክቱን ትታችሁ ሂሳቡን እዩ

ጎንደር ውስጥ ከአራዳ እስከ አዘዞ ትንሿ ሱቅ ሳትቀር በቴሌብር ትሸጣለች። ጥሩ ነው። ብዙ ባለሱቅ ግን ክፍያው መድረሱን የሚያምነው የገዢውን ስልክ አይቶ ወይም የራሱ ስልክ ድምፅ ስላሰማ ነው። አጭበርባሪ የሚያጠቃው በዚች ልማድ በኩል ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሰው ሲበዛ፣ በርበሬ ለሚሸጡ እናት «4,500 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይደርሳል። ወዲያው ይደወላል፦ «እናቴ፣ ተሳስቼ ወደ እርስዎ ላክሁት፤ የመድኃኒት መግዣ ነው፣ በፈጠረዎት ይመልሱልኝ።» አንጀታቸው አይችልም፣ ይልካሉ። የላኩት ግን የራሳቸውን ብር ነው፤ የገባ ነገር አልነበረም።

የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ላኪ ይመጣል፤ ይሄ የመጣው በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። ይሁንና በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። የላኪ ስምም ይመሰላል፤ ሐሰተኛው መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ተሰልፎ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በ*127# ወይም በመተግበሪያው ገብታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ብሩ በእርግጥ በስህተት ገብቶ ቢገኝ እንኳ በራሳችሁ አትመልሱ፤ ላኪው 127 ደውሎ ያመልክት። ገዢ የሚያሳያችሁ የስልክ ፎቶም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በደቂቃ ይቀነባበራል።

ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቁ ሆቴሎች ደግሞ በኢሜይል ይጠመዳሉ። «ባረፍሁበት ክፍል ላይ ቅሬታ አለኝ፣ ፎቶውን ይመልከቱ» ይላል፣ ሊንክ አለው። ሊንኩ የሆቴል ክፍል ማስያዣውን ድረ ገጽ የቡኪንግን መግቢያ የመሰለ ገጽ ይከፍታል። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ አጭበርባሪው አካውንቱን ይረከብና በሆቴሉ ስም ከእንግዶች ገንዘብ ይጠይቃል። አድራሻውን ማንበብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ ስላሾች (//) ቀጥላ የምትመጣውን ነጠላ ስላሽ (/) ፈልጉ፤ የገጹን ባለቤት የሚናገረው ከእሷ በስተግራ፣ መጨረሻ ላይ ከ«.ኮም» ጋር ያለው ስም ነው። «ቡኪንግ.ቅሬታ-መቀበያ.ኮም» የሚል ከሆነ ባለቤቱ «ቅሬታ-መቀበያ» እንጂ ቡኪንግ አይደለም። አድራሻው አጠገብ የምትታይ የቁልፍ ምልክት ብትኖር ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ የገጹን ታማኝነት አትናገርም። ከሁሉም የሚሻለው ሊንኩን ሳይነኩ አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት ነው።

በቴሌግራም «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ስልክ ቁጥርና ባለ 5 አሃዝ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ አካውንታችሁን ሊወስድ ነው፤ የላከው ዘመድ ቢሆን እንኳ የእሱ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ይሆናል። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብሩ።

ሰው ሲታለል «ምነው እንዲህ ሞኝ ሆነ» ማለታችን ያሳዝነኛል። የሚያፍር ሰው ይዘገያል፤ እሱ ሲዘገይ ብሩ ሦስት አራት ቦታ ይዞራል። ባንኮችም ቢሆኑ ለደንበኛ በሚልኩት መልእክት ውስጥ ሊንክ ማስገባት ማቆም አለባቸው። ሊንክ መንካት ያስለመዱትን ሰው «ሊንክ አትንካ» ቢሉት አይሰማም።

የሚስጥር ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት፤ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ። ቴሌግራም ከሆነ ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» ገብታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። መልእክቱን ግን እንዳታጠፉት፤ ቁጥሩና ሰዓቱ ለፖሊስ ማመልከቻ ያስፈልጋሉ።