አንድ አይፒ ለብዙ ደንበኛ፦ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?

ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ለበርካታ ደንበኞች ያካፍላሉ። ባለሙያዎች አሠራሩን «ሲጂናት» ይሉታል። ሁለት የኔትወርክ ባለሙያዎች ተከራክረውበታል። ደጋፊው ወንድ ነው፤ ተቃዋሚዋ ሴት።

ደጋፊ፦ ከቁጥሩ ልጀምር። በአሮጌው የአድራሻ ሥርዓት በአይፒቪ 4 ያለው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ለዓለም ሕዝብ በነፍስ ወከፍ አንድ እንኳ አይደርስም። ዓለም አቀፉ ክምችት እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2011 አለቀ። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው አፍሪኒክም ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም። ሚሊዮኖች ሞባይል ዳታ የሚጠቀሙበት ኩባንያ በዚህ ምን ያድርግ? ወይ ከሌሎች በውድ ይግዛ፣ ወይ ያካፍል። ከገዛ ደግሞ ዋጋው የሚያርፈው ጥቅል በሚገዛው ሰው ላይ ነው።

ተቃዋሚ፦ እጥረቱን አልክድም ወንድሜ። እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። አንዱ ከጋራው አድራሻ አይፈለጌ መልእክት ሲያዘንብ፣ ድረ ገጹ የሚያግደው አድራሻውን ነው። ሌሎቹም ባልሠሩት ጥፋት አብረው ይታገዳሉ። የባሰው ግን የወንጀል ምርመራ ነው። መርማሪ ከድረ ገጽ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አይፒና ሰዓት ብቻ ነው። ከአድራሻው ጀርባ ብዙ ሰው ካለ፣ ማንነቱን ለመለየት የፖርት ቁጥርም፣ ማለትም በአንድ አድራሻ ሥር እያንዳንዱን ግንኙነት የሚለየው ቁጥር፣ ያስፈልጋል። ብዙ ድረ ገጾች ግን እሱን አይመዘግቡም። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጂናት እንዲቀር የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ የተቀመጠ ሰው በማያውቀው ሰው ሥራ ተጠርጣሪ ሲሆን እኔ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ደጋፊ፦ ለዚህ መላ አለው። አንድ አድራሻ 65,536 ፖርት አለው። ለ64 ደንበኛ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 1,000 ገደማ ይደርሰዋል። የማን ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ የፖርት ቁጥሩን ይዞ የመጣ መርማሪ ሰውየውን ያገኘዋል። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ድረ ገጾች ፖርት እንዲመዘግቡ እ.ኤ.አ. በ2011 መክረዋል። ካልመዘገቡ የአቅራቢው ጥፋት ነው?

ተቃዋሚ፦ የማንም ጥፋት ይሁን፣ ፖሊስ የሚጠራው ደንበኛውን ነው። 1,000 ፖርትም ለአንድ ስልክ ይበቃ ይሆናል። ለኢንተርኔት ካፌስ? ፖርቱ ሲያልቅ ገጹ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ይቀራል፣ ባለቤቱም ምክንያቱን አያውቀውም። ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት ኔትወርክ በቀጥታ መግባትም የለም። ዋሽንግተን ያለ ልጅ አዲስ አበባ እናቱ ግቢ ያስተከለውን ካሜራ በቀጥታ መክፈት አይችልም።

ደጋፊ፦ ካሜራውንማ ያየዋል። ዛሬ ብዙዎቹ በአምራቹ ሰርቨር በኩል ነው የሚሠሩት።

ተቃዋሚ፦ አዎ፣ የእናቱ ግቢ ምስል በማያውቀው ድርጅት እጅ አልፎ። ይህን መፍትሔ ብዬ አልቀበልም። አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት አይፒቪ 6 እኮ ደረጃው ከወጣ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. 1998 ላይ ወጥቷል። አድራሻው ለሁሉም ይተርፋል። ሲጂናት የገዛ አቅራቢ ግን ችግሩ የተፈታ ይመስለውና ሽግግሩን ከዓመት ዓመት ያሳድረዋል።

ደጋፊ፦ ማሳደሩ ስህተት ነው፣ እዚህ ላይ አብሬሽ ነኝ። ግን አይፒቪ 4 ብቻ የሚያውቁ ድረ ገጾች ገና ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል ለስልኮች አይፒቪ 6 ብቻ ይሰጣል፤ ወደ አሮጌዎቹ ድረ ገጾች ሲሄዱ ግን አድራሻ እየቀየረ ያሳልፋቸዋል። ማካፈሉ እዚያም አልቀረም።

ተቃዋሚ፦ ልዩነቱን ግን ተመልከት። እዚያ በአይፒቪ 6 የሚሄደው ሁሉ በማካፈያው አያልፍም። ድረ ገጾች ወደ አዲሱ በዞሩ ቁጥር የማካፈያው ሥራ ይቀንሳል። ሲጂናት ብቻውን ሲሆን ግን ደንበኛ በበዛ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። ስለዚህ ሲጂናት የሚጠቀም አቅራቢ አይፒቪ 6 አብሮ ይስጥ። አድራሻው የጋራ መሆኑን ውሉ ላይ ይጻፍ። የራሱን አድራሻ ለሚጠይቅም ይስጥ።

ደጋፊ፦ ሁለቱን እቀበላለሁ። ሦስተኛውን ግን በክፍያ። በነጻ ከታደለ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ይወስደዋል፤ የምር የሚያስፈልገው ክሊኒክ ሲመጣ የለም ይባላል።

ተቃዋሚ፦ ይከፈል፣ እሺ። ዋጋው ግን ቤቱ ሰርቨር አቁሞ መማር የሚፈልግ ተማሪ የሚችለው ይሁን። ለድርጅት በወጣ ታሪፍ ተማሪ ከተጠየቀ፣ ያው ተከለከለ ማለት ነው።