የሚገረጣው ማን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ድሮ ልክ ነበረው። «የዩሪያ መጠን በጤፍ ምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይባላል፣ አለቀ። ዛሬ እንዲህ ያለ ርዕስ ይዞ አማካሪ ፊት የሚቀርብ ተማሪ በትዝብት ነው የሚታየው። ርዕሱ ውስጥ ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከመረጃ ራሱ የሚማር ኮምፒውተር፣ መግባት አለበት። ቢቻል ድሮን። ጤፏ ቦታ ከተረፈ መጨረሻ ላይ «በተመረጡ ቀበሌዎች» ከምትለዋ ሐረግ ፊት ትሸጎጣለች።

የአክስቴ ልጅ አፈር ነው የሚያጠናው። ማስተርሱን ሲጀምር ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ቢጨመር ጤፉ ምን ያህል ይሰጣል? ደህና ጥያቄ ነው። ርዕሱ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከራተት ከርሞ ሲወጣ ግን «ራሱን በሚያስተካክል ኮምፒውተር የታገዘ የዕፅዋት ንጥረ ምግብ አያያዝ እና የአርሶ አደሩ የግል ኮምፒውተር አጠቃቀም ዝንባሌ» ሆኖ ቁጭ አለ። አርሶ አደሩ ኮምፒውተር የለውም። መብራትም የለውም። ልጁ ይህንን ሲያስረዳ «እሱ እንግዲህ ግኝት ይሆንሃል» ተባለ።

ስለ ተክል ትንሽ ላውራ። ተክል በሞላለት ነገር አያድግም፤ በጎደለው ነገር ልክ ይቆማል። ፎስፈረስ ጎድሎት ናይትሮጂን ብትከምርለት ጠብ የሚል ነገር የለም። እኛ አገር ለረጅም ዘመን ምክሩ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ለዚህ ወረዳም ለዚያኛውም ያው። የአገሪቱ አፈር ምን እንደጎደለው በካርታ ለማስፈር ሰፊ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዳፕ ድኝ ለጨመረው ኤንፒኤስ ለሚባል ማዳበሪያ ቦታውን እየለቀቀ የመጣው። አሲዳማው አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ፎስፈረሱን አሉሚኒየምና ብረት ጠፍረው ይይዙታል። ገበሬው ይከፍላል፣ ይበትናል፣ ሥሩ ግን አያገኘውም። እዚያ የጎደለው ኖራ ነው።

የትምህርት ክፍሉስ ምን ጎደለው? የአፈር መመርመሪያ ኬሚካል የለም። የመስክ መኪና አለ፣ ነዳጅ የለውም። ነዳጅ ሲገኝ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ዎርክሾፕ ግን ሞልቷል። ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ፣ ስለ ጥናት ሥነ ምግባር፣ ስለ ዎርክሾፕ አዘገጃጀት ሳይቀር ዎርክሾፕ አለ። ሻይ፣ ቆሎ፣ ብስኩት፣ ሰርተፍኬት። የአክስቴ ልጅ የሰርተፍኬት ክምር አለው፤ የአፈር ናሙናው ግን ዛሬም በፌስታል ታስሮ አልጋው ሥር ነው።

«በጎደለው ልክ» የሚለው ሕግ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በጀርመናዊው ኬሚስት በዩስቱስ ፎን ሊቢግ ስም ነው። የሊቢግ ዝነኛ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ካርል ሽፕሬንገል የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ግን ሐሳቡን በ1828 ጽፎታል። ጽፎ ቁጭ አለ፤ ሊቢግ አጨበጨበበትና ስሙን ወሰደ። ዛሬ በጀርመን የሁለቱን ስም ያጣመረ ሜዳልያ ይሰጣል። ሽፕሬንገል ከሞተ በኋላ ነው እንግዲህ።

ከተክል ትምህርት ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ የቅጠሉ ጉዳይ ነው። ናይትሮጂን ሲያንስ መጀመሪያ የሚገረጡት ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ናቸው። ተክሉ ከእነሱ ላይ ያነሳና ጫፍ ላይ ለሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ይልካል። ብረት ሲያንስ ነገሩ ይገለበጣል። ብረት አንዴ ከገባበት ቅጠል በቀላሉ አይወጣም። አሮጌው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ጅማቱ ብቻ እስኪቀር የሚገረጣው ለጋው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም ቢጫ ነው። በሽታውን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማን እንደገረጣ ማየት ያስፈልጋል።

ጎንበስ ብዬ ባይ የአክስቴን ልጅ ክፍል የብረት ችግር ነው የያዘው። የታተመውን ጽሑፍ ተመልከቱ። መጀመሪያ የአማካሪው ስም፣ ቀጥሎ የአማካሪው ጓደኛ፣ ቀጥሎ ነዳጁን የፈረሙት። ዝናብ ላይ ቆሞ ጤፍ ሲያጭድ የከረመው ልጅ «እና ሌሎች» ውስጥ ነው።

ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በርናርድ ዊድሮው የሚባል መምህርና ቴድ ሆፍ የሚባል ተማሪው አንድ ዘዴ አሳተሙ። ማሽኑ ይገምታል፣ ግምቱን ከእውነቱ ጋር ያስተያያል፣ በተሳሳተው መጠን ራሱን ትንሽ ያስተካክላል፣ ደግሞ ይገምታል። አዳፕቲቭ፣ ማለትም ራሱን የሚያስተካክል፣ ለሚባለው ነገር ሁሉ አንዱ ሥር ይኸው ነው። ስልክ ስናወራ የራሳችን ድምፅ ተመልሶ እንዳይጮህብን የሚያደርገውም የዚሁ ዘዴ ዘመድ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ የዊድሮው-ሆፍ ስልት ይባላል። የተማሪው ስም አለ! ያው ሆፍ ኋላ ኢንቴል የሚባል ኩባንያ ገብቶ በ1971 ለገበያ የቀረበውን 4004 ማይክሮፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል የሚሆነውን ቺፕ፣ ከፈጠሩት አንዱ ሆነ። አንዱ ነው ያልኩት፤ ፋጂን፣ ሜዘርና ሺማም አሉበት። እነሱን ዘልዬ እኔም ሊቢግ ልሁን እንዴ? የግል ኮምፒውተር የሚባለው ዕቃ የመጣው እንግዲህ በዚያ መንገድ ነው።

ከመጣ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ቤተሰብ አዋጥቶ ነው የገዛው፤ ስለዚህ ያዋጣ ሁሉ ይጠቀምበታል። ከሰዓት ሕፃናቱ ካርቱን ያዩበታል። ማታ ጎረቤታችን እትዬ የልጃቸውን ሰርግ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሰርጉ ጋር ቫይረሱም ይመጣል። አንድ ቀን ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ አደረ። ከጥፋት የተረፈው «ዶክተር_ያላዩት_ፋይናል» የሚለው ፋይል ብቻ ነበር።

የማይክሮሶፍት ሰዎች በኦፊስ 2000 ላይ ሜኑው ተጠቃሚውን እየተማረ ብዙ የማይነካቸውን ትእዛዞች እንዲደብቅ አድርገው ነበር። ሰው ተናደደ፣ በኋላ ቀረ። እኔ ግን ለአንዳንድ አማካሪ ቢመለስ ደስ ይለኛል። «ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል ከነኩት ዘመን አልፏቸዋል።

ልጁ መጠይቁን ይዞ ገጠር ወርዶ ነበር። እኔም ለሽርሽር ተከተልኩት። አንድ አባት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘና ጀመረ።

«አባቴ፣ ኮምፒውተር ለማዳበሪያ አጠቃቀም ይጠቅማል በሚለው በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»

«ከማን ጋር?»

«ከሐሳቡ ጋር።»

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ምነው፣ ከሳሽ አለ እንዴ?»

«በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አደረገ። አዛውንቱ መሬቱን በበትራቸው እየጫሩ «ይሄ አፈር መጣጣ ነው፤ ዳፕ ይበላል እንጂ አያበላም። ባለፈው ኖራ ይመጣል ተብሎ ነበር፣ የት ደረሰ?» አሉት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የመጀመሪያ ርዕሱ ነበር። መጠይቁ ላይ ግን ኖራ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አልነበረም።

ከነዚህ ሁሉ ማሽኖች በእውነት ራሱን ያስተካከለው የልጁ ስልክ ነው። የስልኩ ኪቦርድ አብዝቶ የሚጽፈውን እየተማረ ቀጣዩን ቃል ያቀርብለታል። «እሺ» ሲል «ዶክተር» ይመጣል። «ዶክተር» ሲል «አስተካክላለሁ» ይመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ቃል የለም። ባለፈው እሑድ አክስቴ «ለምሳ ና፣ በዚያው ሽንኩርት ያዝ» ብላ ጻፈችለት። እሱ ታክሲ ውስጥ እየተጋፋ ሳያይ ነካ ነካ አድርጎ ላከ፤ «እሺ ዶክተር አስተካክላለሁ።»

አክስቴ ወዲያው ለእኔ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«ስማኝማ፣ ልጁ ዶክተር እያለ ጻፈልኝ። ጨረሰ እንዴ? እልል ልበል?»