ስሙ ያልታወቀ፣ መድኃኒትነቱ የታወቀ

ከአጥራችን ጥግ ማንም ያልተከለው ዛፍ በቅሏል። ቡቃያ ሳለ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ቁመቱ አጥሩን ሲያልፍ ግን ሰፈሩ በሙሉ የዕፅዋት ሊቅ ሆነ። የሚገርመው፣ ስሙን የሚያውቅ ሳይገኝ የሚፈውሰውን በሽታ የማያውቅ መጥፋቱ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ቅጠሉ ለደም ግፊት ፍቱን ነው አሉ። ከማዶ ያሉት አዛውንት ሥሩን ለሆድ፣ ቅርፊቱን ለጥርስ፣ ፈሳሹን ለዓይን ደለደሉት። ግንዱ ያለ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ ሳይመሽ ለወገብ ተመደበ።

እንዲህ ያለው ድፍረት ያስፈራኛል። ኦሊያንደር የሚባለው ባለ ውብ አበባ ተክል ከሥሩ እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው፤ የሚያውከውም ልብን ነው። «ይሄማ ለልብ ነው» የሚል ጎረቤት ቢነሳ፣ ውሸታም ሊባል አይችልም።

ስልክም ተሞክሯል። ከፊት ሲያነሱት አንድ ስም ሰጠ፤ ከጎን ሲያነሱት ሌላ። እያንዳንዱም ወገን ለራሱ ሐሳብ የሚመቸውን ፎቶ ይዞ ሄደ።

በመጨረሻ ወጣቷ የባዮሎጂ መምህርት ተጠራች። ስም ትናገራለች ተብሎ ሲጠበቅ ጥያቄ አመጣች። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የበቀሉት ወይስ እየተፈራረቁ? ይህቺስ ራሷን የቻለች ቅጠል ናት ወይስ የትልቅ ቅጠል ቁራጭ? ጣቷን ወደ እንጨቱ አስጠግታ አሳየችን፤ እምቡጥ የሚቀመጠው በሙሉው ቅጠል ብብት ሥር እንጂ በቁራጮቹ ሥር አይደለም። ቀጥላ አንዱን ቅጠል ከነአንገቱ ቀነጠሰችው። ወተት የመሰለ ጠብታ ከስብራቱ አቆረና ቀስ ብሎ ወደ ጥፍሯ ወረደ።

«እንዲህ ያለ ወተት የሾላና የዋርካ ወገኖችም አላቸው፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወገኖችም አላቸው። የቁልቋሉ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል» አለች።

አዛውንቱ የዓይኑን መድኃኒት በዝምታ አነሱት።

«ልጄ፣ ታሪኩን ተዪውና ስሙን ብቻ ንገሪን።»

«አበባውን ወይም ፍሬውን ሳላይ አልችልም፤ እስኪያብብ እንጠብቅ።»

ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። በዓለም ላይ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዛፍ ዝርያዎች አሉ፤ የሰፈራችን ሰው አምስቱን ያውቃል፤ እንግዲህ ይህ ዛፍ ከአምስቱ አንዱ መሆን ግዴታው ነው። እሷም ለማባበል ያህል ስለ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ ነገረቻቸው፤ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሁለት ስም እንደሰጠ፣ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ መለያ እንደሆነ። ጡረተኛው የፖሊስ መኮንን አላስጨረሷትም።

«ሁለት ስም ይዞ የሚዞር ንጹሕ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ።

አበባ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ በዚሁ ወደቀ። የዛፉ ስም እጅ በማውጣት፣ በከፍተኛ ድምፅ ብልጫ ተወሰነ። መምህርቷ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች።